«በስልክ ነው የተሠራው» እያላችሁ ለምታደርቁኝ

ኤዲተር ነኝ። ፊልም ለሚጀምሩ ልጆችም አልፎ አልፎ አጭር ስልጠና እሰጣለሁ። በየዙሩ አንዱ ይነሳና «ጋሼ፣ ታንጀሪን እኮ በስልክ ነው የተሠራው፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ይለኛል። ሰለቸኝ።

ላላያችሁት፣ «ታንጀሪን» የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የሾን ቤከር የ2015 ፊልም ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ የሁለት ትራንስጀንደር ሴቶች (ሲወለዱ ወንድ የተባሉ፣ ራሳቸውን ግን ሴት ብለው የሚያውቁ) ታሪክ ነው። ዕለቱ የገና ዋዜማ ነው፤ አንዷ ገና ከእስር መውጣቷ ነው፣ ፍቅረኛዋ እንደማገጠባት ትሰማና ሰፈሩን ስታምሰው ትውላለች።

ስልኩ እውነት ነው። ሦስት አይፎን 5ኤስ። ግን ምስሉን እንደ ሲኒማ ወደ ጎን የሚያሰፋ፣ ያኔ ገና ለገበያ ያልወጣ ሌንስ ተገጥሞባቸዋል። ድምፁን ደግሞ ባለሙያ ለብቻው ነው የቀዳው፤ እባካችሁ ካሜራ ከመለመናችሁ በፊት ማይክ ለምኑ፣ በነፋስ የተበላሸ ድምፅ አስተካክል እየተባልኩ ስንት ሌሊት አድሬአለሁ! ወጪውም 100,000 ዶላር ገደማ ነው። ለሆሊውድ የሻይ ነው፣ እስቲ ወደ ብር መንዝሩት።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ሰዎቹ መረሳታቸው ነው። ቤከር የእነዚህን ሴቶች ኑሮ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሰፈራቸው ሄዶ ሰው ፈለገ፣ ማያ ቴይለርን አገኘ፣ እሷ ኪታና ኪኪ ሮድሪጌዝን አስተዋወቀችው፣ ታሪኩም ከእነሱ ጨዋታ ተቀዳ፣ ዋናዎቹን ሴቶች ሆነው የተወኑትም እነሱው ናቸው። ማያ ኑሯችን መክበዱን አትደብቅ፣ ደግሞም ያስቅ ብላዋለች። ፊልሙን ስታዩ የምትስቁት ለዚህ ነው።

ባለፈው አንድ ተማሪዬ ስለ ሊስትሮ አጭር ፊልም ሠርቶ መጣ። በስልክ ነው፣ ምስሉ ልብ ይሰርቃል። ግን ልጁ አቧራውን ሳያራግፍ ቀለም ይቀባል! «ስንት ቀን አብረሃቸው ዋልክ?» አልኩት። «አይ፣ ከራሴ ነው የጻፍኩት።» ሂድና ጫማህን አስጠርግ ብዬ መለስኩት።

ስለ እንዲህ ያሉ ፊልሞች የምሰማቸውን ሌሎች አባባሎች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«ትራንስጀንደር ማለት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ማለት ነው።» አይደለም። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት ማንን እንደምታፈቅር ነው፣ ትራንስጀንደርነት ግን አንተ ራስህን ወንድ ወይስ ሴት ብለህ እንደምታውቅ።

«ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች የሚሠራው የአሜሪካ ፊልም ብቻ ነው።» ትራንስጀንደር ሴት ያለችበትን የፓኪስታኑን «ጆይላንድ» በ2022 የፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ሸልሞታል።

«ተዋናዮቹን በአዘኔታ ነው የሚመርጧቸው።» ትራንስጀንደሯን ተዋናይ ዳንኤላ ቬጋን የቺሊው ዳይሬክተር ሰባስቲያን ሌሊዮ መጀመሪያ የጠራት እንድታማክረው ነበር። ስክሪፕቱን እየጻፈ ሳለ ነው ዋናዋ ተዋናይ እሷ መሆን እንዳለባት የገባው። ፊልሙ፣ «ኤ ፋንታስቲክ ውመን»፣ በ2018 የውጭ ቋንቋ ኦስካርን ወሰደ። የ«ታንጀሪኗ» ማያም በ2016 የኢንዲፔንደንት ስፒሪት (ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ውጭ ለሚሠሩ ፊልሞች የሚሰጥ) የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማትን ወስዳለች፤ ለስልኩ ሽልማት የሰጠ የለም።