የካርቶን ቪአር በሰሜን ሸዋ

የካርቶን ቪአር ስማርትፎንን ሁለት ሌንስ ባለው ሣጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ሣጥኑን ዓይን ላይ ደቅኖ ሌላ ቦታ የገቡ ያህል የሚታይበት መሣሪያ ነው። ቪአር በመጽሐፍ አማርኛ ምናባዊ እውነታ ይባላል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን «ቪአር» ወይም ዝም ብሎ «መነጽሩ» ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. ለሁለቱ ዓይኖች ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች በመስታወት አሳይቶ ጥልቀት እንዲታይ አደረገ። ዴቪድ ብሩስተር በ1849 እ.ኤ.አ. በሌንስ ሠራው። በቀዳሚነቱ ላይ ሁለቱ ተጨቃጭቀዋል፤ ቀዳሚው ግን ዊትስቶን ነው።

ካርቶኑ የመጣው ሰኔ 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ፓሪስ በሚገኘው የጎግል የባህል ተቋም የሚሠሩት ዴቪድ ኮዝ እና ዴሚየን ሄንሪ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን ሠርተውት፣ በኩባንያው ዓመታዊ ጉባኤ ለተሳታፊዎች ታደለ። ስሙም ካርድቦርድ ተባለ፤ ካርቶን ማለት ነው። የመጀመሪያው ቁልፍ በጎኑ የተለጠፈ ማግኔት ነበር። ማግኔቱ ሲንሸራተት የስልኩ ኮምፓስ ያውቀዋል፣ እንደ ጠቅታም ይቆጥረዋል። ግንቦት 2007 የወጣው ሁለተኛው ዓይነት እስከ 6 ኢንች ስልክ ይይዛል፤ ማግኔቱም ስክሪኑን በሚነካ ቁልፍ ተተካ። በ2008 ኒውዮርክ ታይምስ ከ1 ሚሊዮን በላይ ካርቶን ለደንበኞቹ አደለ። በ2012 ጎግል የሶፍትዌሩን ኮድ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ያኔ የተሰራጨው ከ15 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2013 መሸጡን አቆመ።

ሰሜን ሸዋ ላይ ያለው ታሪክ አጭር ነው፦ ካርቶን አለ፣ ስልክ አለ፣ ጎረምሳ አለ። የቀረው ሌንስ ነው።

ወሳኙ ነገርም እሱ ነው። የመጀመሪያው ካርድቦርድ ሌንስ የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም የፀሐይን ብርሃን ነጥብ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት፣ 4.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሌንሱ ከስክሪኑ በዚያው ርቀት ገደማ ይቀመጣል። የእጅዎን ሌንስ ለመለካት ፀሐይ ላይ መውጣት ነው። ብርሃኑ ወረቀት ላይ ትንሽ ነጥብ እስኪሆን አቅርቡ፣ አርቁ፤ ከዚያ በማስመሪያ ለኩ። ፈጠን በሉ፣ ወረቀቱ መጤስ ይጀምራል። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው አጉሊ መነጽር ርቀቱ ረጅም ስለሆነ ሣጥኑን የፈረስ አፍ ያስመስለዋል። ስፋቱም ችግር ነው። በሁለት ዓይኖች መሐል ያለው ርቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትልልቅ ሌንሶች ጎን ለጎን አይገቡም። ከተሰበረ የፕላስቲክ ቪአር የተነቀለ ሌንስ ይሻላል።

ከሌንስ ቀጥሎ ጋይሮስኮፕ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያለ፣ መዞርን የሚያውቅ ክፍል። አንገት ሲዞር ምስሉ አብሮ የሚዞረው በሱ ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች የላቸውም። እኔም ይህን ያወቅኩት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ካርቶን ስቆርጥ ውዬ ነው፤ ምስሉ ድርቅ ብሎ ቀረ። መቀስ ከማንሳት በፊት ዩቲዩብ ላይ ባለ 360 ዲግሪ ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን ማዞር ነው። ምስሉ ካልተከተለ አይለፉ። ቪዲዮው ዳታ ይበላል፣ ዋይፋይ ፈልጉ።

የአካባቢያችን አየርም ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋት መነጽሩ ፊት ላይ ሲደቀን ሌንሱ በትንፋሽ ይሸፈናል። ሣጥኑን ጎንና ጎኑን በስቶ አየር ማስገባት ይረዳል። የፊት ማረፊያው ላይ የብርድ ልብስ ቁራጭ መለጠፍም ጥሩ ነው፤ ብርድ ልብስ የሚሠራ ከተማ ስፖንጅ አይቸግረውም። ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚግለው ስልኩ ነው፤ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ጨዋታውም ይንቀረፈፋል።

«ይህ ቪአር አይባልም» የሚሉ አሉ። ምክንያት አላቸው፦ አንገት ሲዞር ይከተላል፣ አንድ እርምጃ ቢራመዱ ግን አያውቅም። ለኔ ይባላል። ማጥወልወሉ ግን አያከራክርም፤ ጀማሪ ተቀምጦ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቢሞክር ይሻላል። የሕፃናት ዓይን ጉዳይ ግን አከራካሪ ነው፤ ቢያንስ አዋቂ አጠገባቸው ይኑር።

የሚታየው ነገር አብዛኛው የባሕር ማዶ ነው፦ ሻርክ፣ ጨረቃ፣ ሮለርኮስተር። የመንዝ ጓሳ ጭላዳ በጓሳው ውስጥ ተቀምጦ ሲነጭ በ360 ዲግሪ ቢቀረጽ ግን፣ ሻርኩን ማን ያየዋል?