ሊኖሩ የማይችሉ ቅርጾች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል አመንጪዎች

ሊኖሩ የማይችሉ ቅርጾች የሚባሉት፣ በወረቀት ላይ ሲሳሉ እያንዳንዱ ክፍላቸው ትክክለኛ ጠጣር አካል መስሎ የሚታይ፣ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ግን እርስ በርስ የሚጣረሱ ሥዕሎች ናቸው። ስዊድናዊው ሠዓሊ ኦስካር ሮይተርስቫርድ እ.ኤ.አ. በ1934 ዘጠኝ ኩቦችን በሦስት ማዕዘን ደርድሮ ሣለ። እንግሊዛውያኑ ሊዮኔል ፔንሮዝና ልጁ ሮጀር ደግሞ በ1958 በሦስት ዘንጎች የተሠራውን ሦስት ማዕዘንና ማለቂያ የሌለውን ደረጃ በአንድ የሥነ ልቦና መጽሔት አሳተሙ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ኤሸር ደረጃውን በ1960፣ ሦስት ማዕዘኑን በ1961 ለሥራዎቹ መሠረት አድርጓቸዋል።

በፔንሮዝ ሦስት ማዕዘን ዘንጎቹ በየመገጣጠሚያቸው በ90 ዲግሪ የሚታጠፉ ይመስላሉ። ድምሩ 270 ዲግሪ ይሆናል፤ የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር ግን 180 ብቻ ነው። ከሦስቱ መገጣጠሚያዎች የትኛውንም በእጁ ሸፍኖ ለሚያየው ሰው የቀረው ሥዕል እንከን የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቅርጽ የተዛባ ሥዕል ሳይሆን እጅግ ጥብቅ ሥርዓት ያለው ሥዕል ነው፤ አንዲት መስመር ከቦታዋ ብትዛነፍ ቅራኔው ሊጠፋ ይችላል።

ምስል አመንጪዎች፣ ማለትም በጽሑፍ የተጠየቁትን ምስል የሚሠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች፣ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። እንደ ስቴብል ዲፊዩዥን ያሉ ሞዴሎች ከተዘበራረቀ ነጠብጣብ ተነሥተው፣ ከጽሑፍ ጋር የተጣመሩ እጅግ ብዙ ምስሎችን አይተው በተማሩት መሠረት ነጠብጣቡን ደረጃ በደረጃ እያጠሩ ምስል ያወጣሉ። የተማሩባቸው ምስሎች አብዛኞቹ በገሃዱ ዓለም ያሉ ነገሮች ስለሆኑ፣ «ሊኖር የማይችል ሦስት ማዕዘን» ሲባሉ ብዙ ጊዜ ተራ ሦስት ማዕዘን ይሥላሉ፣ ወይም ዘንጉን መሐል ላይ ሰንጥቀው ውፍረቱን ያለያዩታል። ሁለተኛው ውጤት ግራ ስለሚያጋባ ብቻ እንደ ስኬት መቆጠር የለበትም፤ ስሕተት ነው እንጂ ቅራኔ አይደለም። ዝነኛው ቅርጽ በሥልጠናው ውስጥ ደጋግሞ ስለሚገኝ አንዳንዴ በትክክል ይወጣል፤ አራት ወይም አምስት ጎን ያለው አቻው ሲጠየቅ ግን ድክመቱ ይገለጣል።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ጂኦሜትሪውን ለሞዴሉ አለመተው ነው። በ2023 የቀረበው ኮንትሮልኔት የተባለው የምስል ሞዴሎች መቆጣጠሪያ የመስመር ንድፍን እንደ መመሪያ ስለሚቀበል፣ ተጠቃሚው ቅርጹን በማስመሪያ ሥሎ የእንጨቱን፣ የድንጋዩን ወይም የብርሃኑን መልክ ብቻ ለሞዴሉ ሊሰጠው ይችላል። ሌላው አማራጭ የቋንቋ ሞዴል የየነጥቡን አቀማመጥ በቁጥር የሚያስቀምጥ የሥዕል ኮድ እንዲጽፍ ማድረግ ነው፤ የትኛው ዘንግ ከየትኛው ፊት እንደሚያልፍ ግን አንድ በአንድ መነገር አለበት። ጥላም ጥንቃቄ ይሻል፤ ሞዴሉ ለእውነተኛ አካል የሚስማማ ጥላ ሲጥል የትኛው ክፍል ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ ስለሚወስን ቅራኔውን ያፈርሰዋል።

ተንቀሳቃሽ ምስል ከዚህም ይከብዳል፤ ቅርጹ ያለው በአንድ የእይታ አቅጣጫ ብቻ ነውና። በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ በ1999 የቆመው የፔንሮዝ ሦስት ማዕዘን ሐውልትም ተገጣጥሞ የሚታየው ከተወሰነ ቦታ ሲሆን፣ ተመልካቹ ቦታውን ሲለቅ ዘንጎቹ ተለያይተው ይታያሉ።