በአሜሪካ ኮሌጅ ሩጫ «የከፍታ ማስተካከያ» ምንድን ነው?

ለኦሊምፒክ ሚኒማ ያሟላ ሯጭ ሲባል አስቀድሞ የተቆረጠ ሰዓት እንዳለ እናውቃለን። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ግን በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም በከፍተኛው እርከን፣ እንዲህ አያደርግም። ከቤት ውጪ በሚደረገው ውድድር የሯጮቹ የዓመቱ ምርጥ ሰዓት በቅደም ተከተል ይሰፍርና በየርቀቱ ከምሥራቅ 48፣ ከምዕራብ 48 ለማጣሪያ ይጠራሉ፤ ከየማጣሪያው 12 ያልፋሉ። የቤት ውስጡ ይከብዳል፤ ከመላ አገሪቱ 16 ብቻ ተመርጠው በቀጥታ ሻምፒዮና ይገባሉ።

ሁሉም ነገር በዝርዝሩ ላይ ባለው ሰዓት ከተወሰነ፣ ሰዓቱ የት ተመዘገበ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የአሪዞናዋ ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ 5,000 ሜትር የሮጠ ተማሪ ኦክስጅን ስለሚያጥረው፣ ባሕር ጠርዝ ቦስተን ላይ ከሮጠው እኩል አቅም ቢኖረውም ዘግይቶ ይገባል። ስለዚህ ኤንሲኤኤ ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር ገደማ በላይ በረጅም ርቀት ከተመዘገበ ሰዓት ላይ በቀመር ይቀንሳል። ከፍታው ሲጨምር ቅናሹም ይጨምራል። የከፍታ ማስተካከያ የሚባለው ይኸው ነው።

የዓለም አትሌቲክስ ሚኒማ ይህን አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ የተሮጠ 10,000 ሜትር እንዳለ ይቆጠራል። የ2021ዱ የኢትዮጵያ ማጣሪያ ሄንግሎ፣ ሆላንድ ላይ ሲደረግ ለተሰንበት ግደይ በ29:01.03 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ያንን ሰዓት ከአዲስ አበባ ስታዲየም የሚጠብቅ የለም። በዚህ ረገድ ኮሌጆቹ የተሻለ ፍትሕ አላቸው ብዬ አምናለሁ።

ቀመሩ የማይደርስበት ግን አለ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የቤት ውስጥ መም በፍጥነቱ የታወቀ ነው፤ የቀነኒሳ በቀለን የ2004 የ5,000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን 12:49.60 ግራንት ፊሸር በየካቲት 2025 በ12:44.09 ያሻሻለው እዚያ ነው። ገንዘብ ያለው ኮሌጅ ልጆቹን በአውሮፕላን ጭኖ ወደዚያ ይወስዳል። የሌለው ቅርብ ባገኘው መም ላይ ያሮጣል፤ ኩርባው ላይ ላላዘነበለ ጠፍጣፋ መም የሰዓት ማስተካከያ ቢኖርም፣ ጥሩ አሯሯጭና ጠንካራ ተፎካካሪ ስለማጣት የሚቀነስለት ሰከንድ የለም።

በአገር አቋራጭ ከዘጠኙ ክልሎች ሁለት ሁለት ቡድን ሰዓት ሳይጠየቅ፣ በደረጃው ብቻ በቀጥታ ያልፋል። በመም ላይም ከ16ቱ ቦታዎች ጥቂቱ ለአሸናፊዎች ቢተው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ክብደት ይቀንስ ነበር።