ሰልፈር 6 ፍሎሪን የሚይዘው እንዴት ነው?

አዳማ ውስጥ ማታ ማታ የሰፈር ልጆችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ባለፈው አንዷ የ12ኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ አንድ አተም ስምንት ኤሌክትሮን ይበቃዋል ብለውን ነበር፤ ታዲያ ሰልፈር እንዴት 6 ፍሎሪን ያዘ?» ብላ አፋጠጠችኝ። እውነቷን ነው።

የተለመደው መልስ ኤስፒ3ዲ2 ነው። አንድ ኤስ፣ ሦስት ፒ እና ሁለት ዲ ኦርቢታሎች (ኤሌክትሮኖች የሚገኙባቸው የአተሙ ቦታዎች) ተደባልቀው 6 እኩል ኦርቢታሎች ይሆናሉ። ሐሳቡን አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግ በ1931 እ.ኤ.አ. አመጣው። ቅርጹን ለማስታወስ ይጠቅማል፤ ፈተና ላይ ይሄንኑ ጻፉ። ችግሩ፣ የሰልፈር 3ዲ ኦርቢታሎች ኢነርጂያቸው በጣም ከፍ ያለ ነው። በቦንዱ (አተሞቹን በሚያያይዘው ትስስር) ውስጥ ያላቸው ድርሻ ትንሽ ነው።

ታዲያ ፍሎሪኖቹን ምን ያዛቸው? ቀለል የሚለውን ዜኖን ዳይፍሎራይድን (አንድ ዜኖን ከሁለት ፍሎሪን ጋር) እንይ። ሦስቱ አተሞች ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፤ ዜኖን መሃል ነው። የእሱ አንድ ፒ ኦርቢታል ከግራና ከቀኝ ፍሎሪኖች ኦርቢታል ጋር ሲጋጠም ሦስት አዲስ ይወጣል፤ አንዱ አጣባቂ (አተሞቹን የሚያያይዝ)፣ አንዱ ገለልተኛ (የማያያይዝም የማያላቅቅም)፣ አንዱ አፍራሽ (ትስስሩን የሚያላቅቅ)። ያሉት ኤሌክትሮኖች 4 ናቸው። ሁለቱ አጣባቂው ላይ፣ ሁለቱ ገለልተኛው ላይ ይገባሉ። አፍራሹ ባዶውን ይቀራል። ገለልተኛው ላይ ያሉት የሚያርፉት ደግሞ ፍሎሪኖቹ ጋ ነው፤ ዜኖንን አያጨናንቁትም። አንድ ጥንድ ለሁለት ቦንድ ማለት ነው፣ አንዷን እንጀራ ለሁለት እንደመካፈል።

ሰልፈርም ጋ ነገሩ ይሄው ነው። ከ12ቱ የቦንድ ኤሌክትሮኖች 8ቱ አጣባቂ ኦርቢታሎች ላይ ናቸው። የቀሩት 4 ፍሎሪኖቹ ላይ ያርፋሉ። የልጅቷ ስምንት የትም አልሄደችም።