የጎንደር ጅረቶች ጤና እንዴት ይመዘናል?

ጎንደር በወንዞች መካከል ያለች ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል አንገረብ፣ በምዕራብ በኩል ቀሃ ይወርዳሉ። የጥምቀት ዕለት የፋሲል መዋኛን የሚሞላው ውሃ የሚመጣውም ከቀሃ ነው። ሽንታን ጨምሮ ሁሉም ወደ መገጭ ይፈሳሉ፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ ጅረት ላይ የተደፋ ነገር ጉዞው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እንቦጭ የሚመገበው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ፣ ከእርሻና ከከተማ በእንዲህ ዓይነት ወንዞች ተሸክሞ የሚመጣ ነው።

የአንድን ጅረት ጤና መመዘን ማለት ውሃው ለመጠጥ ይሆናል ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይደለም። ጅረቱ ውስጥና ዳር ላይ መኖር የሚገባቸው ፍጥረታት አሁንም አሉ ወይ ነው ጥያቄው። ኩልል ያለ ውሃ በውስጡ ምንም ላይኖርበት ይችላል። በሐምሌ የደፈረሰ ጅረት ደግሞ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ሥራው በዓይን ይጀምራል። መቶ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቦታ ተመርጦ ዳርና ዳሩ ይታያል። ሾላ ወይም ዶቅማ ጥላውን ጥሎበታል ወይስ እርሻው እስከ አፋፉ ደርሷል? ውሃው ይሸታል? አረፋ አለው? ፌስታልና የላቫጆ ዘይት ይታይበታል? ከሁሉም በላይ ግን ድንጋዮቹ መታየት አለባቸው። በድንጋዮች መሀል ያለው ክፍተት የትናንሽ ነፍሳት ቤት ነው። ደለል ከሞላው ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። በጎንደር ዙሪያ ካሉ ተራሮች የሚታጠበው አፈር ብዙ ነው፤ የአንገረብ ግድብን ብዙ አቅም የበላውም ይኸው ደለል ነው።

ቀጥሎ መሣሪያ ይመጣል፦ ሙቀት፣ አሲድነት፣ ጨዋማነት፣ በውሃ የተሟሟ ኦክስጅን። ኦክስጅን ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ጎንደር ግን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ልኩ 7 ገደማ ነው። በሌላ አገር ሠንጠረዥ ሲታይ ዝቅ ያለ የሚመስለው 6.5 ለጎንደር በጣም ጥሩ ቁጥር ነው። ልኬቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቢሆን ይመረጣል። ቀን ላይ አልጌው ኦክስጅን እያመረተ ችግሩን ይሸፍነዋል።

መሣሪያ የሚናገረው ግን ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት አልፎ ይሄዳል። ነፍሳቱ ግን ወራት ሙሉ እዚያው ናቸው፤ የደረሰውን ሁሉ ቀምሰዋል። ለዚህ ነው ምርጫ ቢሰጠኝ ውድ ከሆነ መሣሪያ ይልቅ መረብና ነጭ ትሪ የምይዘው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መረቡ ውሃው በሚሄድበት በኩል ይያዛል። ከፊቱ ያሉት ድንጋዮች በእግር ይቀሰቀሳሉ፤ የተነቀሉት ነፍሳት መረቡ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ትሪ ላይ ተደፍተው ይለያሉ። ቦት ጫማና ጓንት ግድ ነው፤ በጎንደርና በጣና አካባቢ ብልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ።

ብዙውን ጊዜ ሦስት ጭራ ያላቸው የሜይፍላይ (ውሃ ውስጥ አድገው የሚበርሩ ነፍሳት) እጮች፣ ከጠጠርና ከቅጠል ለራሳቸው ቤት የሚሠሩት ካዲስፍላዮች በብዛትና በዓይነት ከተገኙ ደስ የሚል ዜና ነው። በዓይነት ማለቴ በምክንያት ነው፤ ከሜይፍላይ ቤተሰቦች (የተዛመዱ ዝርያዎች ቡድኖች) ውስጥ መጠነኛ ብክለት የሚችሉ አሉ። በሌላው ጫፍ ደማቸው ኦክስጅን በሚይዝ ቀለም የቀላ የካይሮኖሚድ (የማይናከሱ ትንኞች) እጮች፣ ቀጫጭን ትሎችና በረጅም የመተንፈሻ ቱቦ ከላይ አየር የሚስቡ የዝንብ እጮች አሉ። ትሪው ላይ እነሱ ብቻ ከቀሩ ጅረቱ ታፍኗል።

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ብክለት ለማይችሉት ከፍ ያለ፣ ለሚችሉት ዝቅ ያለ። ድምሩ በቤተሰቦቹ ቁጥር ይካፈላል። በመጀመሪያው የእንግሊዝ አሠራር አማካዩ ከ6 በላይ ከሆነ ጥሩ፣ ከ4 በታች ከሆነ ከባድ ብክለት አለ ይባላል። እንዳለ መገልበጥ ግን ያሳስታል። አውሮፓ ውስጥ የንጹህ ውሃ ምልክት የሆነው ስቶንፍላይ በኢትዮጵያ ከጥንቱም ጥቂት ነው፤ አለመኖሩ ጎንደርን አያስወቅስም። ለአገራችን ደጋ ወንዞች ኢትባዮስ የሚባል የነጥብ አሰጣጥ የተዘጋጀውም ለዚህ ነው።

ጎንደር ለዚህ ሥራ ትመቻለች። ከከተማው በላይ ያለው የጅረቱ ክፍልና ከከተማው በታች ያለው በአንድ ቀን ሊነጻጸሩ ይችላሉ። የላይኛው መለኪያ ይሆናል። ልዩነቱ የት እንደጀመረ ለማወቅ በየድልድዩ ናሙና መውሰድ ነው። ጊዜው ከክረምት በኋላ፣ ጎርፉ ሲረጋጋ፣ ኅዳር ላይ ጥሩ ነው። ሚያዝያ ላይ መድገም ደግሞ ውሃው አንሶ ፍሳሹ ሲበዛ ጅረቱ ምን ያህል እንደሚችል ያሳያል።

ፍሳሹ ከቆመ ነፍሳቱ ይመለሳሉ። ክንፍ ያወጡት እየበረሩ፣ እጮቹ ከላይ በውሃ እየተወሰዱ ይደርሳሉ። ደለሉ ግን ቶሎ አይለቅም። መመለሻም የሚኖራቸው የላይኛው ክፍል ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ነው፤ ስለዚህ ጥበቃው ከተራራው፣ ከምንጩ አካባቢ መጀመር አለበት።