የናቅፋው ሦስተኛ ጉባኤ

ሦስተኛው ጉባኤ የሚባለው የኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር (ሻዕቢያ) ከየካቲት 3 እስከ 9 ቀን 1986 ዓ.ም. በናቅፋ ያካሄደው ድርጅታዊ ጉባኤ ነው። በ1969 እና በ1979 ዓ.ም. የተካሄዱት ሁለቱ ጉባኤዎች በጦርነት መካከል የተጠሩ ስለነበሩ፣ ግንባሩ መንግሥት ሆኖ የተሰበሰበው በዚህኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። አስመራ ከተያዘች ሦስት ዓመት ሊሞላ፣ በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ነፃነት ከታወጀም ዓመት ሊሆነው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

የቦታው ምርጫ ያለ ምክንያት አልነበረም። ናቅፋ በ1969 ዓ.ም. በግንባሩ እጅ ከገባች በኋላ ተደጋጋሚ ዘመቻዎችን በምሽግ የተቋቋመች፣ በአውሮፕላን ድብደባም የፈራረሰች የሳህል ከተማ ስትሆን፣ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ ገንዘብም ስሟን ይዟል።

ጉባኤው የነፃ አውጪውን ግንባር አክስሞ ሕዝባዊ ግንባር ለዴሞክራሲና ለፍትሕ (ህግደፍ) በሚል ስም ወደ ፖለቲካ ድርጅት ለወጠው፤ ብሔራዊ ቻርተርም አጸደቀ። ብሔራዊ አንድነትን፣ ማኅበራዊ ፍትሕንና በራስ መተማመንን ከመሠረታዊ መርሆቹ የቆጠረው ይህ ሰነድ ከቀድሞው የማርክሲስት አነጋገር የራቀ ነው። 75 አባላት ያሉት ማዕከላዊ ምክር ቤትና 19 አባላት ያሉት ሥራ አስፈጻሚ ተመረጡ፤ ኢሳያስ አፈወርቂ ሊቀመንበር፣ አላሚን መሐመድ ሰዒድ ጸሐፊ ሆኑ። እስከ 1979 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊ የነበሩት ሮመዳን መሐመድ ኑር ከአመራሩ ተሰናበቱ።

ከሁሉም ይልቅ አነጋጋሪ የሆነው ግን በምርጫው ሳይሆን በንግግር የመጣ ነገር ነበር። ኢሳያስ በግንባሩ ውስጥ ለዓመታት አመራሩን ሲቀርጽና አቅጣጫ ሲሰጥ የኖረ ምስጢራዊ ፓርቲ እንደነበረና በ1981 ዓ.ም. ሥራው እንደቆመ ለጉባኤተኞች ገለጹ። በበረሃ ዓመታትን ያሳለፉ ብዙ ታጋዮች ውሳኔዎች ከየት ይመነጩ እንደነበር በይፋ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በግንቦት 1985 ዓ.ም.፣ ታጋዮች ያለ ደመወዝ ማገልገላቸው እንዲቀጥል መወሰኑን ተቃውመው አስመራ ውስጥ አደባባይ መውጣታቸው ሲታሰብ፣ በመሪዎችና በተመሪዎች መካከል የነበረው ርቀት አዲስ ነገር አልነበረም።

የማዕከላዊው ምክር ቤት 75 አባላት በሽግግሩ ብሔራዊ ምክር ቤት ውስጥም መቀመጫ ስለነበራቸው፣ የድርጅቱና የመንግሥቱ አካላት ከመጀመሪያው ተደራርበው ነበር። ቻርተሩ ቃል የገባው ሕገ መንግሥት በግንቦት 1989 ዓ.ም. ቢጸድቅም ሥራ ላይ አልዋለም፤ ህግደፍም ከዚያ ወዲህ ሌላ ጉባኤ አልጠራም።