በሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ላይ የተጻፈው ዓመት መኪናው የተሠራበት ነውን?

ጅማ ሂርማታ ገበያ ውስጥ በልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ያለ አሮጌ ሲንጀር «1851–1951» የሚል ምልክት ቢኖረው፣ አንዱ መኪናው በ1851 ተሠራ ሊል ይችላል፣ ሌላው ደግሞ 1951ን በእኛ አቆጣጠር ሊያነበው ይችላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ምልክቱ የኩባንያውን መቶኛ ዓመት የሚያስታውስ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈው 1951 በእኛ 1943/44 ነው።

በቦቢኑ (የታችኛው ክር በሚጠቀለልበት) ተንሸራታች ክዳን ላይ የሚገኙት የፓተንት ቀኖችም እንዲሁ ያሳስታሉ፤ የፈጠራው መብት የተሰጠበትን ጊዜ ስለሚያመለክቱ፣ ክዳኑ ከሌላ መኪና ካልተወሰደ በቀር፣ መኪናው ከመጨረሻው ቀን በኋላ መሠራቱን ብቻ ይነግሩናል።

የተሻለው ማስረጃ በመኪናው አካል ላይ የታተመው ተከታታይ ቁጥር ነው። እስከ 1900 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ቁጥሩ ፊደል አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲህ በፊቱ አንድ፣ ቆይቶም ሁለት የላቲን ፊደላት ገቡ፤ ለምሳሌ በ«ዋይ» የሚጀምረው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለስኮትላንዱ የክላይድባንክ ፋብሪካ የተመደበ ነው። ይሁንና በመዝገብ የሰፈረው ቀን ቁጥሮቹ በጅምላ ለፋብሪካው የተመደቡበት እንጂ እያንዳንዱ መኪና ተሠርቶ ያለቀበት ስላልሆነ፣ መኪናው ከዚያ ቀን ወራት ዘግይቶ የወጣ ሊሆን ይችላል። የብረት እግሩን ግን፣ ከሌላ መኪና ጋር በቀላሉ ስለሚቀያየር፣ ለዕድሜ ምስክር አድርጎ አለመቁጠር ይሻላል።